ተገልብጦ የገባው ዘረመል፦ በጅማ የተሞከረ አንድ የወባ ዲኤንኤ ክትባት ንድፍ

ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

በጅማ በሚገኝ አንድ ቤተ ሙከራ አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ለቫይቫክስ ወባ የሚሆን የዲኤንኤ ክትባት ንድፍ ሠርታ ለመመረቅ ተነሣች። ሥራው ተጠናቋል፤ ሲጠናቀቅ ግን ሲጀመር የነበረውን መልክ አልያዘም። ከሽፏል ማለት ትክክል አይሆንም፤ እንደታቀደው ሄደ ማለትም ውሸት ነው። በመመረቂያ ጽሑፎቻችን ውስጥ የሚሰፍረው የተሳካው ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ መሀል መንገድ ላይ የታወቀው ሁሉ ከተማሪው ጋር ጋዋን ለብሶ ይወጣል፤ ቀጣዩ ተማሪም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል። እዚህ የሚመዘገበው ያ መሀል መንገድ ነው። እኔ በቤተ ሙከራው የሞለኪውላር ሥራዎችን ከሚከታተሉት አንዱ ነኝ። የሰዎቹንም የተቋማቱንም ስም አልጠቅስም።

መነሻው

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ ወጥተው በአዲስ አበባ መንገድ በሰርቦና በአሰንዳቦ በኩል ሲያልፉ ምድሩ ዝቅ እያለ ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ ይወርዳል። ክረምቱ ወጥቶ ያቆረው ውኃ ፀሐይ ሲመታው፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ የዚያ አካባቢ ጤና ጣቢያዎች አግዳሚ ወንበሮች ትኩሳት በያዛቸው ሰዎች ይሞላሉ። በሽታው እየቀነሰ መጥቶ ነበር፤ ከዚያ ተመልሶ አገረሸ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ በአገሪቱ 7.3 ሚሊዮን የወባ ታማሚዎችና 1,157 ሞት ተመዝግበዋል።

የኢትዮጵያ ወባ ከአብዛኛው የአፍሪካ ወባ በአንድ ነገር ይለያል። በሌላው አፍሪካ ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም ሜዳውን ብቻውን ሊይዘው ምንም አልቀረውም፤ እኛ ዘንድ ግን ከታማሚዎች ሲሶ ገደማ የሚሆኑትን የሚያሳምመው ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ ነው። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደገና የመነሣት ጠባይ አለው። ክሎሮኪን በደም ውስጥ ያለውን ያጠፋል፤ ጉበት ውስጥ ለተኛው ፕሪማኪን ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በኦክቶበር 2021 እና በኦክቶበር 2023 እንዲሰጡ ያጸደቃቸው ሁለቱ የወባ ክትባቶች፣ አርቲኤስኤስ እና አር21፣ ሁለቱም የተሠሩት በፋልሲፓረም ፕሮቲን ላይ ነው። ለቫይቫክስ የተፈቀደ ክትባት የለም። ተማሪዋ ርዕሷን ስታቀርብ የመከራከሪያዋ የመጀመሪያ አንቀጽ ይኸው ነበር፤ ከዚህ የተሻለ መነሻም አያስፈልግም።

የዲኤንኤ ክትባት አሠራሩ በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። የተዳከመ ተሕዋስ ወይም የተዘጋጀ ፕሮቲን ከመውጋት ይልቅ፣ የፕሮቲኑን ዘረመል የያዘ ክብ ዲኤንኤ፣ ማለትም ፕላዝሚድ፣ ጡንቻ ወይም ቆዳ ውስጥ ይገባል። የሰውየው ሴሎች ዘረመሉን አንብበው ፕሮቲኑን ራሳቸው ይሠራሉ፤ የመከላከል ሥርዓቱም ያንን ፕሮቲን አይቶ ይማራል። በአይጥ ጡንቻ ውስጥ የተወጋ ፕላዝሚድ ፕሮቲን እንደሚያሠራ የታየው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የአይጥ ወባን በዚህ መንገድ መከላከል እንደሚቻል ተዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ለ20 ጤነኛ ፈቃደኞች የፋልሲፓረም ዘረመል ያለበት ፕላዝሚድ ተሰጥቶ፣ ከግማሽ በሚበልጡት ዘንድ በበሽታ የተያዘን ሴል የሚገድሉ የመከላከያ ሴሎች ተገኙ። ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም በደም ውስጥ የሚዘዋወረው የመከላከያ ፕሮቲን፣ ግን አልተገኘባቸውም። ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በኋላ በጉዳያችን ውስጥ ተመልሶ ስለሚመጣ አንባቢ ልብ ይበለው።

የዘረመሉ ምርጫ

ዋናው አማካሪ በመጀመሪያ የፈለጉት ቫይቫክስ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ለመግባት የሚጠቀምበትን፣ በሴሉ ገጽ ላይ ካለው ደፊ አንቲጅን ከተባለ ፕሮቲን ጋር የሚያያዘውን ፕሮቲን ነበር። ምርጫው ምክንያት አለው። ይሁን እንጂ ይህ ዘረመል ከቦታ ቦታ፣ ከታማሚ ታማሚ በብዛት ይለያያል። በዚያ ላይ በኢትዮጵያ፣ ጅማን ጨምሮ፣ ደፊ አንቲጅን የሌላቸው ሰዎችም በቫይቫክስ ሲያዙ ታይቷል። ስለዚህ ያንን አንድ በር መዝጋት ምን ያህል እንደሚበቃ ገና አከራካሪ ነው።

ተማሪዋ ያቀረበችው አማራጭ ፒቪኤስ25 የተባለው ዘረመል ነው። ፕሮቲኑ የሚታየው ተውሳኩ በትንኟ ሆድ ውስጥ ሲደርስ ብቻ ነው፤ በሰው ሰውነት ውስጥ አይታይም። የሰው የመከላከል ሥርዓት አይቶት ስለማያውቅ እንዲለዋወጥ የሚያስገድደው ነገር አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ከጅማም ሆነ ከሌላ አገር ቢወሰድ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ዘረመሉ አጭር ነው፤ 660 የዲኤንኤ ፊደላት ብቻ፣ መሀሉም አልተቆራረጠም። እንደ እኛ ላለ ቤተ ሙከራ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ የተከተበ ሰው በደሙ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል ይኖረዋል፤ ትንኟ ደሙን ስትመጥ ፀረ እንግዳ አካሉንም አብራ ትመጥጣለች፤ ተውሳኩ ሆዷ ውስጥ ማደግ ያቅተዋል፤ ቀጣዩ ሰው ይድናል። ቫይቫክስ ትንኝን የሚበክለውን ቅርጹን የሚያወጣው ቀድሞ፣ ብዙ ጊዜ ታማሚው ወደ ጤና ጣቢያ ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ፣ በመድኃኒት ብቻ ስርጭቱን ማቋረጥ ያስቸግራል። ይህ መንገድ ለዚያ የታሰበ ነው።

ነገር ግን ሁለት ጣጣዎች አሉት። የመጀመሪያው፣ ፕሮቲኑ በሰው ውስጥ ስለማይታይ የተከተበ ሰው በኋላ ወባ ቢይዘውም ክትባቱ አይታደስለትም። ሁለተኛው፣ ሥራው ሁሉ በፀረ እንግዳ አካል ላይ የተመሠረተ ነው፤ በ1998ቱ ሙከራ ደግሞ ዲኤንኤ ብቻውን በሰው ላይ ያላስገኘው ፀረ እንግዳ አካልን ነው። ተማሪዋ ይህንን ታውቃለች። ከዚያ ወዲህ በኤሌክትሪክ ንዝረት ሴሎችን ለአጭር ጊዜ ከፍቶ ዲኤንኤ የማስገባት ዘዴ በእንስሳት ላይ ነገሩን በእጅጉ እንዳሻሻለው ጠቅሳ መልስ ሰጥታለች። መልሱ ተገቢ ነው። እኔ ግን ምርጫው አንቲጅኑ፣ ማለትም የመከላከል ሥርዓቱ እንዲያውቀው የተመረጠው ፕሮቲን፣ እና ዘዴው የማይዋደዱበት ነው የሚል ጥርጣሬዬ እስከ መጨረሻው አልለቀቀኝም።

በጤና ጣቢያው

ደም የተሰበሰበው በግድቡ አካባቢ ካለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ታማሚው በማይክሮስኮፕ ታይቶ ቫይቫክስ መሆኑ ሲረጋገጥ ሕክምናው ይሰጠዋል፤ ፈቃደኛ ከሆነ ከጣቱ ጥቂት የደም ጠብታዎች በማጣሪያ ወረቀት ላይ ይወሰዳሉ። ወረቀቱ ጥላ ሥር ይደርቃል፤ እያንዳንዱ ለብቻው እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር በፕላስቲክ ይታሸጋል። ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም። በጠቅላላው ሥራ ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ችግር ያልገጠመው ክፍል ይህ ብቻ ነው።

ያልታሰበው ነገር የመጣው ከፈቃድ ቅጹ ነው። ቅጹ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተዘጋጅቷል፤ ቋንቋውም ጥሩ ነበር። አንዲት እናት ሰባት ዓመት የሚሆነውን ልጇን ይዛ መጣች። ነርሷ በአፋን ኦሮሞ እያነበበች አስረዳቻት፤ ክትባቱ ወደፊት ከተሠራ ተውሳኩ በትንኝ ሆድ ውስጥ እንዳያድግ የሚያደርግ መሆኑን ነገረቻት። እናትየዋ አዳምጣ ስትጨርስ ወደ ተማሪዋ ዞራ በአማርኛ፣ «ልጄን አያድነውም ማለት ነው?» አለቻት። ተማሪዋ፣ «እርሱን የሚያድነው አሁን የተሰጠው ኪኒን ነው። ይህኛው ቢሳካ ከእርሱ ወደ ሌላ ሰው እንዳይተላለፍ ነው» ብላ መለሰች። እናትየዋም፣ «እንግዲያው ለጎረቤት የሚወጉት መርፌ ነው በይኛ!» አለች። ነርሷ ሳቀች። ልጁ ጣቱን ሰጠ።

ተማሪዋ ያንን ምሽት ቅጹን አውጥታ፣ «ይህ ጥናት ማኅበረሰቡን ከወባ ለመከላከል…» የሚለውን መስመር ሰርዛ፣ የዚህ ዓይነት ክትባት ተከታቢውን ራሱን ከመታመም እንደማያድን በግልጽ የሚናገር መስመር አስገባች። ማሻሻያው በሥነ ምግባር ኮሚቴው በኩል እስኪያልፍ ደም የመሰብሰቡ ሥራ ቆሞ ቆየ፤ ወቅቱ ደግሞ አይጠብቅም። ዋናው አማካሪ ትንሽ ተበሳጭተው ነበር። በእኔ አስተያየት ትክክለኛውን ነገር አድርጋለች፤ ምክንያቱም ተውሳኩ ከሰው ወደ ሰው እንዳይተላለፍ የሚያደርግ ክትባት ሰዉ ሁሉ ካልወሰደው ዋጋ የለውም። ሰዉ ደግሞ ምን እየወሰደ እንደሆነ ተደብቆበት ከቆየ ሲያውቀው ይተወዋል።

ዘረመሉን ወደ ፕላዝሚድ ማስገባት

ከደረቀው ደም ዲኤንኤ ወጣ፤ ዘረመሉም የተመረጠን የዲኤንኤ ክፍል በብዛት በሚያባዛው ዘዴ፣ በፒሲአር፣ ተባዛ። ዲኤንኤን በርዝመቱ በሚለየው ጄል ላይ ሲታይ በተጠበቀው ቦታ ጥርት ያለ መስመር ነበር። ፕሮቲኑን ከተውሳኩ ሽፋን ጋር የሚያያይዘው የመጨረሻ ክፍልና የመጀመሪያው የመላኪያ ምልክት ተቆርጠው ስለቀሩ ርዝመቱ ወደ 520 ፊደላት ወርዷል። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው።

ፕላዝሚዱ የተመረጠው ለክትባት ሥራ ታስቦ የተዘጋጀ ዓይነት ነው። የሰው ሴል የሚያነበው ጠንካራ የማስጀመሪያ ክፍል አለው፤ ባክቴሪያ ውስጥ ሲራባ የሚለይበት ምልክት ደግሞ ካናማይሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት መቋቋሚያ ነው። አምፒሲሊን ያልሆነው በከንቱ አይደለም፤ የፔኒሲሊን ቤተሰብ አለርጂ ብዙ ሰው ላይ ስላለ ለሰው በሚታሰብ ምርት ውስጥ ዱካው እንኳ አይፈለግም። ተማሪዋ ጎረቤት ክፍል ውስጥ በነጻ የተገኘውን የአምፒሲሊን ፕላዝሚድ ትታ ይህኛውን ለማስመጣት ስትጠብቅ አንዳንዶቻችን ግትርነት መስሎን ነበር። ለአይጥ እንኳ ሳይደርስ ለሰው መጨነቅ ምንድን ነው? ያሰኛል። ነገር ግን ንድፍ ማለት ይህ ነው፤ በመጀመሪያ የተበላሸ ምርጫ በኋላ ሁሉንም ከዜሮ ያስጀምራል።

እቅዱ ዘረመሉን በሁለት የተለያዩ ቆራጭ ኢንዛይሞች ግራና ቀኝ ቆርጦ፣ ፕላዝሚዱንም በእነዚያው ቆርጦ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲገጥም ማድረግ ነበር። ኢንዛይሞቹ ከውጭ ታዘዙ። የአንደኛው ዕቃ በጉምሩክ ሒደት ውስጥ ቆይቶ ሲደርስ የበረዶ ከረጢቶቹ ቀልጠው ሳጥኑ ለብ ብሎ ነበር። ሞከርነው፤ አይቆርጥም። ሌላ ለማዘዝ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ እንደገና ሊጠበቅ ነው። በእጅ ያለው አንድ ኢንዛይም ብቻ ሆነ። ስለዚህ ዘረመሉ በሁለቱም ጫፍ በዚያ በአንዱ እንዲቆረጥ ተደርጎ ሥራው ቀጠለ።

በዚህ መሀል ቅዳሜና እሁድ መብራት ጠፍቶ ቆየና የጥልቅ ማቀዝቀዣው ይዘት ቀለጠ። ዲኤንኤ ለመቀበል የተዘጋጁት፣ ተገዝተው የመጡት ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ሴሎች ሞቱ። የኋለኛው ጉዳት ግን እንደተፈራው አልሆነም፤ የቤተ ሙከራው አንጋፋ ባለሙያ፣ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው፣ በካልሲየም ክሎራይድ በበረዶ ላይ ሴሎቹን በእጅ የማዘጋጀት የድሮ ዘዴ ያውቁ ነበር። ከተገዙት ያነሰ ይቀበላሉ፤ ለዚህ ሥራ ግን በቂ ነበሩ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ኢንዛይሞቹ በትናንሽ ቱቦዎች ተከፋፍለው በተለያየ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ባሉ ሁለት ሕንፃዎች ውስጥ ተቀመጡ።

ባክቴሪያዎቹ በሳህኑ ላይ በቀሉ። ተማሪዋ ከእያንዳንዱ ነጭ ነጥብ በጥርስ እንጨት እየነካች፣ በዘረመሉ ሁለት ጫፎች ላይ በሚያርፉት ፕራይመሮች፣ ማለትም ማባዛቱን በሚያስጀምሩት አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች፣ ፒሲአር ሠራች። ሁሉም አዎንታዊ ሆኑ። በክፍሉ ውስጥ ደስታ ሆነ። ጋሼ ግን የጄሉን ፎቶ ወደ መስኮቱ አስጠግተው ሲያዩ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ሁሉም ካለማ እጠራጠራለሁ። ከሳህኑ ላይ ምንም ያልበቀለበትን ባዶ ቦታ ጫሪና እርሱንም አብረሽ አስገቢው» አሉ። ጫረችና አስገባች። ባዶውም ቦታ ያው መስመር አወጣ።

ምክንያቱ ይኼ ነው፦ ባክቴሪያዎቹ በሳህኑ ላይ ሲቀቡ፣ ፕላዝሚድ ውስጥ ያልገባ የተረፈ ዘረመል አብሮ ይቀባል፤ ፒሲአር ደግሞ ያንን ያገኘዋል። ሁለቱም ፕራይመሮች ዘረመሉ ላይ ካረፉ ዘረመሉ መኖሩን እንጂ የት እንዳለ አይናገሩም። መፍትሔው አንዱ ፕራይመር ፕላዝሚዱ ላይ፣ ሌላው ዘረመሉ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው፤ የዘረመሉ ሁለት ፕራይመሮችም በየተራ ይሞከራሉ፣ አንዱ የቀናውን፣ ሌላው የተገለበጠውን ያሳያልና። ይህ ሲደረግ ከብዙዎቹ ነጥቦች ጥቂቶቹ ብቻ ቀሩ። ቀሪዎቹ ምንም ሳይገባባቸው ተመልሰው የተዘጉ ፕላዝሚዶች ነበሩ፤ አንድ ኢንዛይም ብቻ ሲሆን ጫፎቹ እርስ በርስ ስለሚገጥሙ ይህ የሚጠበቅ ነው።

ከቀሩትም ውስጥ ገሚሱ ዘረመሉን ተገልብጦ የያዘ ሆነ። መጽሐፍ ውስጥ ተዘቅዝቆ እንደተጠረዘ ገጽ ነው፤ ገጹ አለ፣ ፊደሉም ሙሉ ነው፣ የሚነበብ ግን አይደለም። አቅጣጫው የቀናው ተለይቶ ወጣ። የተገለበጠውን አብዛኛው ሰው ይጥለዋል። ተማሪዋ አልጣለችውም። ርዝመቱ ያው፣ ፊደላቱ ያው፣ የባክቴሪያ ርዝራዡም ያው ሆኖ ትክክለኛውን ፕሮቲን ብቻ የማያሠራ ፕላዝሚድ ለማነጻጸሪያ ከባዶ ፕላዝሚድ የተሻለ ነው ብላ በአንድ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። በጠቅላላው ሥራ ውስጥ በጣም የወደድሁት ውሳኔ ይኸኛው ነው።

በውጭ የተደረገው ፍተሻ

ፕላዝሚዱ በሰው ሴል ውስጥ ፕሮቲን ያሠራ እንደሆነ ለማየት የሰው ሴል የሚያረባ ክፍል ያስፈልጋል፤ እኛ ጋር አልነበረም። ስለዚህ ከውጭ አገር ቤተ ሙከራ ጋር ስምምነት ተደረገ። የፈቃዱ ሒደት ሦስት በሮች ነበሩት፦ የሥነ ምግባር ፈቃድ፣ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት፣ እና የተሻሻለ ተሕዋስን የሚመለከተው የደኅንነተ ሕይወት ሕግ። የመጨረሻውን ብዙ ተማሪዎች አያስታውሱትም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 655 እና በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያው፣ አዋጅ ቁጥር 896፣ ባዕድ ዘረመል የገባበትን ተራ የቤተ ሙከራ ባክቴሪያም ይነካሉ። በየትኛው በር ላይ ምን ያህል እንደተቆመ መዘርዘር አንባቢን ማሰልቸት ነው። ሦስቱንም ደም ከመሰብሰብ ጋር አብሮ መጀመር ይቻል እንደነበር ብቻ ልጥቀስ።

የተላከው ባክቴሪያ ሳይሆን በወረቀት ላይ የደረቀ ፕላዝሚድ ነው። ዲኤንኤ ጠንካራ ነገር ነው፤ በደረቅ ወረቀት ላይ በፖስታ ይሄዳል። የዲኤንኤ ክትባት ለእንደኛ ላለ አገር የሚመሰገንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፣ ከቀዝቃዛ ሰንሰለት፣ ማለትም ክትባትን ከመነሻው እስከ ተከታቢው በቅዝቃዜ ከማቆየት፣ የሚጠይቀው አነስተኛ ነው።

ውጤቱ ድብልቅ ነበር። አቅጣጫው የቀናው ፕላዝሚድ ፕሮቲን አሠርቷል፤ የተገለበጠው አላሠራም። መጠኑ ግን ደብዛዛ ነበር። የውጭው ቤተ ሙከራ ባልደረቦች ያቀረቡት ሐሳብ ዘረመሉን የሰው ሴል በሚወደው የፊደል አጠቃቀም እንደገና አጽፎ በሰው ሠራሽ መልክ ማዘዝ ነው። አንድን አሚኖ አሲድ በተለያዩ የሦስት ፊደል ቃላት መጻፍ ይቻላል፤ ወባ የሚመርጠውና ሰው የሚመርጠው አይመሳሰልም። ከአራቱ የዲኤንኤ ፊደላት ኤ እና ቲ ብቻቸውን 80 በመቶ ገደማ በሚይዙበት በፋልሲፓረም ላይ ችግሩ እጅግ የከፋ ነው፤ ቫይቫክስ ከ60 በመቶ በታች ስለሆነ ይሻላል፣ ቢሆንም ይጎዳል። ከዚህ ጋር አብሮ የሚታይ ሌላ ነገር አለ፦ የሰው ሴል በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ስኳር ይለጥፋል፤ የወባ ተውሳክ ይህን አያደርግም ማለት ይቻላል። የፋልሲፓረሙ አቻ ፕሮቲን እንዲህ ያሉ ሦስት ቦታዎች አሉት። ስኳሩ ፀረ እንግዳ አካል ሊይዘው የሚገባውን ገጽ ሊሸፍን ስለሚችል ዘረመሉ ከመታዘዙ በፊት ፊደል በፊደል ይፈተሻል።

የታዘዘው ሰው ሠራሽ ዘረመል አቅጣጫው ተስተካክሎ፣ ፕላዝሚድ ውስጥ ገብቶ፣ ተዘጋጅቶ ለባልደረቦቹ ደረሰ። በሰው ሴል ውስጥ የሠራውም ፕሮቲን ከመጀመሪያው ጎልቶ ታየ። በእጃችን በመቁረጥና በመግጠም ያሳለፍነው ጊዜ ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ሊገዛ የሚችል ነበር ማለት ነው።

የሥራው አቅጣጫ መለወጥ

እዚህ ላይ ተማሪዋ ተስፋ ልትቆርጥ ትችል ነበር። እርሷ ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቀች፦ የሚታዘዘው ዘረመል የማን ዘረመል ነው? ሁሉም ሰው እንደ መነሻ የሚጠቀምበት የቫይቫክስ ዘረመል፣ ሙሉ ንባቡ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው፣ ከኤል ሳልቫዶር ከተገኘ ተውሳክ የተወሰደ ነው። ክትባት የሚያስፈልገው ደግሞ አሰንዳቦ ያለው ሰው ነው። ዘረመሉን መግዛት ይቻላል፤ ከግድቡ ዳር ካለው ሰው ደም ውስጥ ያለውን ፊደል ግን ማንም አይሸጥም።

ስለዚህ የመመረቂያው ግማሽ ወደዚህ ዞረ። ከማጣሪያ ወረቀቶቹ የወጡት ዘረመሎች ተነበቡ። ልዩነታቸው ጥቂት ነበር፤ የታዩትም በሌሎች አገሮች ከተመዘገቡት የተለዩ አልነበሩም። አሰልቺ ውጤት ይመስላል፤ ለክትባት ንድፍ ግን ከዚህ የተሻለ ዜና የለም። በአንዳንድ ናሙናዎች ላይ በአንድ ቦታ ሁለት ፊደላት ተደርበው ታዩ። በመጀመሪያ የንባብ ስሕተት መስሎ ነበር፤ ሲደገም ያው ሆነ። በቫይቫክስ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ዓይነት ተውሳክ መያዙ የተለመደ ነው። እነዚህን ናሙናዎች «ያልተነበቡ» ብሎ መጣል ቀላል ነበር። ቢጣሉ ኖሮ የአካባቢው ተውሳክ ከእውነታው ይልቅ አንድ ወጥ መስሎ ይታይ ነበር።

ያልተደረሰበት

አይጥ አልተከተበም። ከተከተበ አይጥ ደም ተወስዶ ከታማሚ ደም ጋር ተቀላቅሎ ለአኖፊለስ አረቢየንሲስ ትንኞች በሰው ሠራሽ ሽፋን አማካይነት መስጠት፣ ከዚያም የትንኞቹን ሆድ ከፍቶ ተውሳክ መቁጠር በእቅዱ ውስጥ ነበረ። ዲኤንኤ ለማስገባት የሚያገለግለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ አልተገኘም። ያለ እርሱ በባዶ መርፌ መውጋት ይቻል ነበር፤ ተማሪዋ ፈቃደኛ አልሆነችም። ደካማ ውጤት ቢገኝ ደካማ የሆነው አንቲጅኑ ይሁን አሰጣጡ መለየት አይቻልም ነበርና።

በመመረቂያው መከላከያ ላይ አንድ ፈታኝ፣ «አይጥ የሌለበት የክትባት ጥናት ምን ይባላል?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ርዕሱ ላይ «ክትባት» የሚል ቃል ነበረበት። ርዕሱ «የክትባት ንድፍ» ተብሎ እንዲስተካከል ተወስኖ አለፈ።

ለሌሎች የሚጠቅመው

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመኝ ብዬ የያዝሁት የሥራ ክፍፍሉን ነው። እንደኛ ያለ ቤተ ሙከራ ገንዘብ ሲያገኝ የመጀመሪያ ፍላጎቱ ሌላው ያለውን መሣሪያ ሁሉ መሰብሰብ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ የተገዛው ነገር ከተሠራው የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ ሊገዛ የማይችለው፣ ማለትም የታመነ ናሙና፣ የታማሚው ፈቃድ፣ የአካባቢው ተውሳክ ንባብ፣ የትንኝ ሙከራ፣ ሁሉም እዚሁ ነው። ተማሪዎች በእጃቸው መቁረጥና መግጠም መማር የለባቸውም ማለቴ አይደለም። ለመማር ከሆነ ይማሩ፤ ለምርት ከሆነ ግን ገንዘቡ ወደ ናሙናው ይሂድ።

ሁለተኛው ስለ ማነጻጸሪያ ነው። የሳህኑን ባዶ ቦታ መጫር ምንም ወጪ የለውም፤ ሳይደረግ ቢቀር ግን ባዶ ፕላዝሚድ ወደ ውጭ ተልኮ የሌላውን ሰው ጊዜ ይበላ ነበር። ዛሬ በቤተ ሙከራው ውስጥ ባዶ ቦታ ያልተካተተበት የባክቴሪያ ፒሲአር ጄል በሳምንታዊ ስብሰባ ላይ አይታይም።

ዘዴና አንቲጅንን ስለማዛመድ የነበረኝ ጥርጣሬ አልተፈታም። ዲኤንኤ ብቻውን የሚበረታው ሴል ገዳይ መከላከያን በማስነሣት ነው፤ ለዚያ ተውሳኩ ጉበት ውስጥ ሳለ የሚሠራቸው ፕሮቲኖች ይበልጥ ይስማማሉ። እነርሱም ቢሆኑ ብቻቸውን አልበቁም። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ሙከራ ላይ ሁለት የፋልሲፓረም ዘረመሎች በመጀመሪያ በዲኤንኤ፣ ቀጥሎ ዘረመል ተሸካሚ በሆነ አዴኖ ቫይረስ ተሰጥተው ከ15 ፈቃደኞች 4ቱ ብቻ ሙሉ በሙሉ ተጠብቀዋል። በሌላ በኩል ለሰው የዲኤንኤ ክትባት መፈቀዱ ራሱ የማይታሰብ ሆኖ ቆይቶ፣ በኦገስት 2021 ሕንድ ለኮቪድ-19 የተሠራውን ለአስቸኳይ ጊዜ ፈቅዳለች፤ የሚሰጠውም ያለ መርፌ በግፊት መሣሪያ ነው። በሩ አልተዘጋም። ፒቪኤስ25ን በዚህ በር ማስገባት ይሻል እንደሆነ ግን ቀጣዩ ተማሪ ከእኔ ጋር ሊከራከር ይገባል።

ሥራው አሁን ያለበት

ሦስቱ ፕላዝሚዶች፣ የቀናው፣ የተገለበጠውና ሰው ሠራሹ፣ በማቀዝቀዣ ውስጥም በደረቅ ወረቀት ላይም በሁለት ቦታ ተቀምጠዋል። ፕራይመሮቹ የሚያርፉበት ቦታና የተሻሻለው የፈቃድ ቅጽ በሁለቱም ቋንቋዎች በቤተ ሙከራው የጋራ መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። የኤሌክትሪክ መሣሪያው ጥያቄ ለግዥ ክፍል ቀርቧል። አዲስ የተመዘገበ ተማሪ ከመጪው የመስከረም ወቅት በፊት የትንኝ ማርባት ሥራውን ለመጀመር የሥነ ምግባርና የደኅንነተ ሕይወት ማመልከቻዎቹን በአንድ ቀን አስገብቷል።